ውሻ፣ ድመት ወይስ ዓሣ? አለርጂ ላለበት ቤት የእንስሳት ሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ባለቤቴ አስም አለበት። በዓመት ሁለት ሦስቴ ይነሳበታል፤ ፓፍ ከኪሱ አይለይም። የ10 ዓመቷ ልጄ የጎረቤት ድመት ካቀፈች ዓይኗ ይቀላል፣ ማስነጠሱ አይቆምላትም። የ7 ዓመቱ ወንድሟ ደግሞ ውሻ ካልመጣልኝ ብሎ ቁም ስቅላችንን አሳይቶናል። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት፤ እሳቸው ‹አይጥ እህሉን ጨረሰው፣ ድመት አምጡ› ይላሉ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ ‹ፀጉሩ የማይረግፍ፣ አለርጂ የማያመጣ ዝርያ አለኝ› ብሎ የውሻ ፎቶ ልኮልናል። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። እንግዛው ወይስ እንተወው? ልጁንስ ምን እንበለው? ለውሻው ስም እንኳ አውጥቶ ጨርሷል፤ በወንዛችን ስም ቦርከና ብሎታል።»

አብሽሪ እህቴ። አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ፤ ፀጉሬ ሸብቷል። መልሱን አስቀድሜ ልስጥሽ፣ ምክንያቱን በኋላ እናወራዋለን። ለነጋዴው ገንዘብ አትላኪ። ድመት ለጊዜው ቤትሽ አይግባ። ውሻ የማይሆን ነገር አይደለም፤ ግን ሴት ትሁን፣ ኑሮዋ ግቢ ይሁን፣ ከመምጣቷ በፊትም ልጅሽና ባለቤትሽ ይሞከሩ። ሙከራው ካልተሳካ ዓሣ አለ። ሰው ዓሣ ስለው ይስቃል። ትንሽ ቆይተን እናየዋለን።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የባለቤትሽ ሳንባ የእኔ ሥራ አይደለም። በዓመት ሁለት ሦስቴ የሚነሳ አስም ቀላል ነገር አይደለም። እንስሳ ለማምጣት እንዳሰባችሁ መጀመሪያ ለሚከታተለው ሐኪም ይንገረው። አስሙ ከዚህ በፊት ሆስፒታል አስተኝቶት የሚያውቅ ከሆነ፣ ስለ ውሻ የጻፍኩትን ዝለይውና በቀጥታ ወደ ዓሣው ውረጂ።

አሁን ወደ ነጋዴው። «ፀጉሩ ስለማይረግፍ አለርጂ የለውም» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰው የሚያየው ፀጉር ነው። ሶፋ ላይ፣ ጋቢ ላይ፣ አንዳንዴም እንጀራ ላይ። ስለዚህ ጥፋተኛው እሱ ይመስለዋል። ሰውነትን የሚያስቆጡት ግን እንስሳው በምራቁ፣ በቆዳው ወዝና በሽንቱ የሚያወጣቸው ፕሮቲኖች ናቸው። የድመት ዋናው ፕሮቲን ፌል ዲ 1፣ የውሻ ደግሞ ካን ኤፍ 1 ይባላል። ድመት ቀኑን ሙሉ ራሷን ትልሳለች። ምራቁ ፀጉሯ ላይ ይደርቃል፣ ይፈረፈርና ከቆዳዋ ቅርፊት ጋር አየር ላይ ይወጣል። ጠዋት በመስኮት የሚገባውን የፀሐይ ጨረር አስተውለሽ ታውቂያለሽ? ውስጡ የሚዋኘው ብናኝ ታይቶሻል። ሰውን የሚያስነጥሰው ከዚያም የባሰ ደቃቅ ነው፤ በዓይን አይታይም። ፀጉሩ ያጠረ ውሻም ይልሳል፣ የቆዳው ቅርፊትም ይረግፋል።

እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት አለ። ውሻ ያለባቸው 173 ቤቶች አቧራ ተሰብስቦ ተመረመረ። «አለርጂ አያመጣም» የሚባል ዝርያ ያለበት ቤትና ሌላ ውሻ ያለበት ቤት፣ አቧራቸው ውስጥ የተገኘው የውሻ ፕሮቲን የጎላ ልዩነት አልነበረውም። አንዱ ውሻ ከሌላው ውሻ ይለያያል፤ ይህ እውነት ነው። አንድ እናት የወለደቻቸው ሁለት ቡችሎች እንኳ እኩል ላያስነጥሱ ይችላሉ። ልዩነቱን ግን ዝርያው አይነግርሽም። ያንኑ ውሻ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ነጋዴው የላከልሽ ፎቶ ነው፤ ፎቶ ደግሞ አያስነጥስም።

ይህን የማወራው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ የድመት አለርጂ አለብኝ። አዎ፣ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ! ተማሪ እያለሁ ምንም አልነበረብኝም። ሥራ ከጀመርኩ ከጥቂት ዓመት በኋላ አፍንጫዬ መፍሰስ ጀመረ። ደሴ ላይ አፍንጫው የሚፈስ ሰው ወይ ብርድ መትቶታል ወይ ሳይነስ አለበት፤ ሌላ በሽታ የለም። እኔም ብርድ ነው ብዬ ዝንጅብል ስጠጣ ከረምኩ። አንድ ቀን አንዲት ግራጫ ድመት ለክትባት ስይዛት ክንዴን ላሰችኝ። አልነከሰችኝም፣ አልቧጨረችኝም። መርፌውን ጨርሼ እጄን ስመለከት፣ ምላሷ በሄደበት መስመር ላይ ትንኝ የነከሰው የሚመስል እብጠት ተደርድሯል። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ስንት ዓመት ብርድ ያልኩት ነገር ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ስለዚህ ልጅሽ የድመት አለርጂ እንዳላት ለመጠርጠር የግድ ትልቅ ምርመራ አያስፈልግም። ስታቅፍ ዓይኗ ይቀላል፣ ስትተው ይሻላታል፤ የነገርሽኝ ይህንኑ ነው። የቆዳ ወይም የደም የአለርጂ ምርመራ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ በተለይ ለባለቤትሽ። የእሱ አስም በእንስሳ ይነሳ፣ በአቧራ ይነሳ፣ በብርድ ይነሳ አልነገርሽኝም። ምናልባት እሱም አያውቀው ይሆናል።

አማትሽ ድመት አምጡ ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አይጥ እህል ብቻ አይደለም የሚያበላሽ። ሽንቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ራሱ አስም ይቀሰቅሳል። አይጥ የሚርመሰመስበት ቤት ውስጥ «ድመት የለንም» ብሎ አስም ላለበት ሰው ተጠነቀቅን ማለት አይቻልም። በዚህ ልክ ናቸው። መድኃኒቱ ድመት ነው ሲሉ ነው የምንለያየው።

ከሁሉም የቤት እንስሳት ለእናንተ ቤት የማይሆነው ድመት ነው። አንደኛ፣ ልጅሽ ምላሹን አስቀድማ ሰጥታሻለች። ሁለተኛ፣ የድመት ብናኝ ቀላል ስለሆነ ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያል፣ ግድግዳና ልብስ ላይም ይጣበቃል። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት የድመት አለርጂና አስም ያለባቸው ተማሪዎች፣ ቤታቸው ድመት ባይኖርም፣ ክፍላቸው ውስጥ ድመት ያላቸው ልጆች ከበዙ አስማቸው እየባሰ ታይቷል። ብናኙ በሹራብ ተጭኖ ነበር ትምህርት ቤት የሚገባው። ሦስተኛው የደሴ ብርድ ነው። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ጉም ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ማን መስኮት ይከፍታል? በሩም ይዘጋል፣ ድመቷም ከሰሉ ዳር ትጠቀለላለች፣ ማታ ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ትገባለች። ከሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻ ያለ ቤት መስኮቱን ከፍቶ ይውላል፤ እኛ ታፍነን ነው የምናድረው። ድመትን ደግሞ «አንቺ ግቢ ኑሪ» ብሎ ማሳመን አይቻልም። ሞክሬዋለሁ።

አንድ ጥፋቴን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ልጃቸው በድመት የሚታመም ቤተሰብ ምክር ጠየቁኝ። ድመቷን ለዘመድ ስጡ አልኳቸው፣ ሰጡ። ሦስት ሳምንት ቆይተው አባትየው ተቆጥተው መጡ። «ልጁ እንደሳለ ነው፣ ድመቷን በከንቱ አስወጣኸን፣ ሴት ልጄ እስካሁን ታለቅሳለች» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ድመቷ ከወጣች በኋላ ብናኟ ቤቱ ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት ወር እንደሚቆይ አልነገርኳቸውም ነበር። ምንጣፉ አልታጠበም፣ ሶፋው አልተጠረገም፣ ድመቷ የምትተኛበት አጎዛ እዚያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንንም «ድመቱን አስወጡ» ብዬ ዝም አልልም። ቤት ተከራይታችሁ የምትገቡም ከሆነ የቀድሞው ተከራይ ድመት ነበረው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

አይጡን በሌላ መንገድ እንጨርሰው። እህሉን ከጆንያ አውጥተሽ ክዳን ባለው በርሜል አድርጊው። በበሩ ሥርና ቧንቧው በሚገባበት ያለውን ቀዳዳ በሲሚንቶ ድፈኚ፤ ጨርቅ አትወትፊበት፣ በልቶ ይገባል። ወጥመድ በግድግዳው ጥግ ጥግ አድርጊ፤ አይጥ መሃል ወለል ላይ አይሄድም። መርዝ ግን ተዪው። የ7 ዓመት ልጅ አለሽ፣ ነገ ደግሞ ውሻ ልታመጪ ነው። አማትሽ ውጤቱን ሲያዩ የድመቱን ነገር ይተዉታል። ካልተዉትም ጎረቤት ድመት አለ፤ ጣሪያው ላይ መዞሩ አይቀርም።

ውሻ። እዚህ ላይ የኛ አገር ኑሮ ያግዘናል። ፈረንጅ ውሻውን አልጋ ላይ ያስተኛል፣ ከዚያ አለርጂውን በማሽን ሊያጣራ ይታገላል። ደሴ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ውሻን የሚያውቀው በር ላይ ነው። ግቢ ውስጥ የራሱ ቤት ያለው፣ ሳሎን የማይገባ ውሻ ለአለርጂ ቤት ግማሽ መንገድ ሄዶልሻል። ግማሽ ነው ያልኩት። ልጁ አቅፎት፣ ተንከባሎበት፣ በዚያው ሹራብ አባቱ ጭን ላይ ከተቀመጠ ውሻው ቤት ገባ ማለት ነው።

ሴት ትሁን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ካን ኤፍ 5 የሚባል ሌላ የውሻ ፕሮቲን አለ። የሚመነጨው ፕሮስቴት ከሚባለው የወንድ ውሻ ዕጢ ነው። የውሻ አለርጂ ካለባቸው ሰዎች ከፊሎቹ ሰውነታቸው የሚቆጣው ለዚህ ለአንዱ ብቻ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከሴት ውሻ ጋር በሰላም ሊኖሩ ይችላሉ። የሚገርመኝ እኛ ጋ ሰው የሚፈልገው ወንድ ቡችላ ነው። በካርቶን ተደርገው መንገድ ዳር ተጥለው ወደ እኔ የሚመጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ጤነኛ የሐበሻ ቡችላ በነፃ ይሰጥሻል፤ ነጋዴው የጠራልሽን ዋጋ አስቢው። ከእሷ ጋር የሚመጣው ወጪ እንዳትወልድ የሚደረገው ቀዶ ጥገና ነው፤ እሱን አትሸሺው። ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከዚያ በየዓመቱ መድገም። የትል መድኃኒትም እንዲሁ። ውሻ፣ የራስሽም ቢሆን፣ ልጅ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበሽ በቀጥታ ጤና ተቋም ውሰጂ። ይህ ከአለርጂው ጋር አይገናኝም፣ ግን ሳልናገረው እንቅልፍ አይወስደኝም።

አሁን ሙከራው። ከምክሬ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ።

ከዘመድ ወይ ከጓደኛ ቤት ረጋ ያለች፣ ያደገች ሴት ውሻ ፈልጊ። ልጅሽ ወይ ባለቤትሽ ሴትሪዚን ወይ ሎራታዲን የሚባለውን የአለርጂ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለጥቂት ቀን ማቆም ይቻል እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂ፤ መድኃኒቱ ምልክቱን ይደብቅብሻል። ባለቤትሽ በየቀኑ የሚነፋው የአስም መድኃኒት ካለ ግን እሱ አይነካም። ፓፉም ኪሱ ውስጥ ይሁን።

በመጀመሪያው ቀን 15 ደቂቃ ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። ማንም ውሻዋን አይንካ። ቡና ጠጥታችሁ ውጡ። ቤት ስትገቡ ልብሳችሁን ቀይሩ። ከዚያ ሦስት ቀን ጠብቂ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ምንም አልሆነችም» ብሎ በማግስቱ ቡችላ ይዞ ይገባል። ዓይን የሚቀላው ወዲያው ሊሆን ይችላል፤ ሳሉ ግን ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ሊመጣ ይችላል። ትንሽ ደብተር ያዢ። ማን አስነጠሰ፣ ማን ዓይኑን አሸ፣ ማታ ማን ሳለ፣ ባለቤትሽ ፓፉን ስንት ጊዜ ነፋ። ሁለተኛው ጉብኝት ግማሽ ሰዓት ይሁን፤ አሁን ይዳብሷት፣ ከዚያ እጅ ይታጠቡ። ሦስተኛውና አራተኛው አንድ አንድ ሰዓት፣ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ። በአንድ ወር ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ይበቃል። ማንም ጉንፋን ይዞት እያለ አትሂዱ፣ ደብተሩን ያበላሽብሻል። መስከረምንም ተዪው፤ ሣሩና አበባው የሚያደርገውን ውሻዋ አደረገችው ትያለሽ። በመካከሉ ባለቤትሽን ደረቱን ካፈነው ሙከራው እዚያው ያበቃል፤ «አንድ ጊዜ ደግመን እንየው» የሚባል ነገር የለም።

አንድ ሙከራ ደግሞ ሳታውቂው ቤትሽ ተደርጎልሻል። ለአረፋ ወይ ለፋሲካ የተገዛ በግ ግቢያችሁ ሁለት ሦስት ቀን አድሮ አያውቅም? ልጆቹ ሣር ሲያበሉት፣ አንገቱን ሲያቅፉ ልጅቷ ምን ሆነች? በጉ ላይ ምንም ካልሆነች ውሻ ላይ ምንም አትሆንም ማለት አይደለም፤ የአንዱ እንስሳ ፕሮቲን ከሌላው ይለያል። ግን ፀጉር ሁሉ የሚያስነጥሳት እየመሰለሽ ከሆነ፣ አለመሆኑን በጉ ይነግርሻል። በጋሪ ፈረስም ልብ ብለሽ እይው። የፈረስ አለርጂ ከያዘ ጠንካራ ነው።

ሙከራውን አለፉ እንበል። ዋስትና አይደለም። ሰውነት አንዳንዴ ወራት ወስዶ ነው የሚቆጣው፤ የእኔ ዓመታት ወስዷል። በተቃራኒው ደግሞ ከድመት ጋር ያደገ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ቆይቶ ለበዓል ቤቱ ሲመለስ፣ የገዛ ድመቱ የምታስነጥሰው አለ። ስለዚህ ቡችላዋ ከመምጣቷ በፊት «ባይስማማን ማን ይወስዳታል?» የሚለውን ተነጋገሩ። የሚወስድ ሰው ካልተገኘ አታምጫት። መንገድ ላይ የሚጣል ውሻ በከተማችን ሞልቷል።

ስለሌሎቹ እንስሳት ቶሎ ቶሎ ልበል። ጥንቸል ቆንጆ ናት፣ ግን ምራቋና ሽንቷ ያስነጥሳል፣ ድርቆሿም አቧራና ሻጋታ አለው። ለእናንተ አይሆንም። ዔሊ ፀጉርም ላባም የላትም፣ ልጆች ከሜዳ አንስተው ያመጧታል። የዱር እንስሳ ናት፣ የነበረችበት ትመለስ። ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያም ትሸከማለች። ዶሮ ከግቢው ጥግ ቤት ከተሠራላት መጥፎ አይደለችም፤ ሦስት አራት እንቁላል ጣይ ዶሮ ስም ተሰጥቷቸው ሲያድጉ አይቻለሁ። ቤታቸውን ግን አባትየውም ልጅቷም አይጥረጉት።

ርግብ ላይ ቆም እላለሁ። ወጣቶቻችን ይወዷታል፣ ልጅሽም ነገ ርግብ ይል ይሆናል። የርግብ ላባና የደረቀ ኩስ ብናኝ ለረጅም ጊዜ ሲተነፍሱት ከአስም የተለየ የሳንባ በሽታ ያመጣል። የርግብ አርቢዎች ሳንባ ይሉታል። ኩሱን ጠርጎ ከገባ ከሰዓታት በኋላ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ይመጣል፤ ሰው ጉንፋን ይመስለዋል። ከቆየ ሳንባው ጠባሳ ይይዛል። ለማንኛውም ቀና ብለሽ የቆርቆሮውን ሥር እይ። ርግብ ሳታረቢ ርግብ ልታረቢ ትችያለሽ። ባለቤትሽ የሚተኛበት መስኮት በላይ ጎጆ ካለ፣ ጫጩት በሌለበት ጊዜ አንስታችሁ ቀዳዳውን ድፈኑት። የሚያነሳው እሱ እንዳይሆን።

ዓሣ እንግዲህ። ዓሣ አየር ላይ የሚበተን ቅርፊት የለውም። የሚኖረው ውሃ ውስጥ ነው፤ አለርጂ ላለበት ሰው ከዚህ የተሻለ አጥር የለም። ለደሴ የምመርጠው ጎልድፊሽ ነው። ፎቶ ላይ የምታያቸው ሌሎቹ ቀለም ቀለም ዓሦች አብዛኞቹ 24 እና 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይፈልጋሉ። ማሞቂያ ገዛሽ እንበል፤ መብራት ሲጠፋ በሐምሌ ሌሊት ምን ታደርጊያለሽ? ጎልድፊሽ 18 ዲግሪ አካባቢ ይመቸዋል፤ ከዚያ ሲቀዘቅዝም ይችላል፣ ምግቡን ብቻ ይቀንሳል። ብርድ የለመደ ነው፣ እንደኛ።

ትንሿን ክብ ብርጭቆ ግን አትግዢ። ዓሣ መግደያ ናት። ለሁለት ጎልድፊሽ ከ100 ሊትር ያላነሰ ገንዳ ያስፈልጋል። ውሃው ብቻ 100 ኪሎ ነው፤ የቡና ረከቦት የምታስቀምጪበት ጠረጴዛ አይችለውም። ሰፊ ገንዳ ለመብራት መጥፋትም ይጠቅማል፤ የአየር ፓምፑ ቢቆም ውስጡ ያለው አየር ሁለት ዓሣን ለሰዓታት ያቆያል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ክዳኑ በተከፈተ ዕቃ ውስጥ አንድ ቀን ካደረ ክሎሪኑ ይተናል። ውሃ በፈረቃ መምጣቱ ለአንድ ነገር እንኳን ጠቀመን፤ ያደረ ውሃ ከቤታችን አይጠፋም። በየሳምንቱ ሩቡን ቀይሪ፣ ሁሉንም በአንዴ አትድፊ።

ገንዳው በተሞላበት ቀን ዓሣ አይገባም። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያውን የሚያጠፉ ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ላይ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ይህን የማያውቅ ሰው ዓሣው በሳምንቱ ሲሞትበት «የደሴ ውሃ አይስማማውም» ይላል። ውሃው ምንም አላደረገም። በእነዚህ ሳምንታት የምግቡን ቁንጣሪ ጣል እያደረግሽ ባክቴሪያውን መግቢ። ዓሣው ሳይመጣ ገንዳውን መንከባከብ ለልጁም ትምህርት ነው፤ መጠበቅ ይለምዳል።

ዓሣም ቢሆን ሁለት ቀዳዳ አለው። አንዱ ምግቡ ነው። እንደ ቅጠል የሳሳው የዓሣ ምግብ ሲደቅ ይበናል፣ ውስጡ የተፈጨ ነፍሳትና ሽሪምፕ ሊኖርበት ይችላል፤ በእሱ አስም የተነሳባቸው ሰዎች አሉ። ድፍን ድፍን የሆነውን ግዢ፣ የሚያበላው ልጁ ይሁን። ሁለተኛው እርጥበት ነው። ገንዳው ክዳን ይኑረው፣ ከመኝታ ክፍል ይራቅ፤ ግድግዳው ላይ ሻጋታ ካየሽ ቦታ ቀይሪ። ሰልችቷችሁ የተዋችሁት ቀን ደግሞ እባክሽ ሐይቅ ወስዳችሁ አትልቀቁት። የሎጎ ሐይቅ ዓሣ የራሱ ኑሮ አለው።

እንስሳ መጣም አልመጣም የባለቤትሽን መኝታ ክፍል እይልኝ። አጎዛ አለ? ምንጣፍ አለ? የአቧራ ትኋን የሚባለው በዓይን የማይታይ ፍጡር እንዲህ ያለ ቦታና እርጥበት ይወዳል። አንሶላውን በየሳምንቱ 60 ዲግሪ በደረሰ ሙቅ ውሃ እጠቢ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል፤ መጥረጊያ አቧራውን ከወለል አንስቶ አፍንጫ ያደርሰዋል። ከሰሉ ሳሎን ውስጥ ከመቀጣጠል ግቢ ውስጥ ይቀጣጠል። ዕጣኑን ደግሞ፣ አማትሽ ይቅር ይበሉኝና፣ ባለቤትሽ ቤት በሌለበት ሰዓት። ወሎ ውስጥ ቡና ያለ ዕጣን አልልም፤ እናቴ ብትሰማኝ አታናግረኝም ነበር። ውሻው ላይ ሁሉንም ጥፋት ከጫንን በኋላ የሚያስለው ጭሱ ሆኖ የተገኘባቸው ቤቶች ግን አይቻለሁ።

ለልጁ እውነቱን ንገሪው። «ውሻ አይመጣም» አትበዪው፣ «ይመጣል»ም አትበዪው። ደብተሩን ስጪው። የ7 ዓመት ልጅ መጻፍ ይችላል፤ አባቱ ሲስል ምልክት ያድርግ፣ እህቱ ስታስነጥስ ምልክት ያድርግ። መርማሪው እሱ ይሁን። ከወር በኋላ ደብተሩ ራሱ ይነግረዋል፤ እናቱ ከለከለችኝ አይልም። እህቱንም ጥፋተኛ አታድርጓት። «በአንቺ ምክንያት ውሻ ቀረብን» የሚል ቃል እዚያ ቤት እንዳይነገር፤ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲያድግም አይረሳም።

ከወሩ በኋላ የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ቡችላዋ ካልሆነች ግን ልጁ ስም መቀየር አያስፈልገውም። ቦርከና ለዓሣ ይበልጥ ይሆናል።